ሶሲዮሎጂ ተምሬ ፖሊስ ልሁን ወይ ላልሽኝ እህቴ

ሰላም እህቴ፣ መልእክትሽን ሁለት ሦስቴ ነው ያነበብኩት። ያልሽኝ ባጭሩ ይሄ ነው፦ ያደግሽው ደምበጫ ነው፣ ሶሲዮሎጂ በዲግሪ ከጨረስሽ ሁለት ዓመት ሆነሽ፣ ሥራ የለም፣ አሁን የክልል ፖሊስ ምልምል ሆኜ ልመዝገብ ስትዪ ወንድምሽ "ሶሲዮሎጂና ፖሊስን ምን አገናኛቸው" ብሎ ሳቀብሽ፣ አያትሽ ደግሞ በጃንሆይ ጊዜ ኮልፌ ሰልጥነው ፈጥኖ ደራሽ የነበሩ ሰው ናቸውና "ፖሊስነት ሰልፍና ዱላ ነው ልጄ፣ ላንቺ አይሆንም" አሉሽ። ማንን ልስማ ነው የምትዪኝ።

አያትሽ አልዋሹም። ኮልፌ የፈጥኖ ደራሽ ማሰልጠኛ ነበር፣ ረብሻ በተነሣበት የሚላክ ኃይል ነው እዛ የሚሰለጥነው፣ ታዲያ እሳቸው ከሰልፍና ከዱላ ሌላ ምን ሊነግሩሽ ኖሯል? ግን እሳቸው የገቡት ባንዱ በር ነው። የፖሊስ ሥልጠና እዚህ አገር ድሮም ሁለት በር ነበረው፣ አንዱ የመኮንን አንዱ የተራ ፖሊስ፣ ይሄን ሳይለዩ የገቡ ስንት ልጆች አጋጥመውኛል መሰለሽ፣ ሦስት አራት ዓመት ካለፈ በኋላ ነው "ለካ በዚያኛው መግባት ነበረብኝ" የሚሉት፣ ስለዚህ ትንሽ ወደ ኋላ ልውሰድሽና ታገሺኝ።

ድሮ እኛ ጎጃም ከብት ሲጠፋ ወይ ሰው ሲገደል ፖሊስ አይጠራም፣ አውጫጭኝ ነው የሚጠራው፣ አገሬው ባንድ ሜዳ ይሰበሰብና ወንጀለኛው ይውጣ ይባላል። ነጭ ለባሽ የሚባል የገጠር ጠባቂም ነበረ፣ ጠመንጃ አለው፣ ሥልጠናው ግን እምብዛም ነው። አዲስ አበባ ላይ ከምኒልክ ጊዜ ጀምሮ የአራዳ ዘበኛ ነበር፣ እሱም ከተማዋን ይጠብቃል እንጂ ገጠሩን አያውቀውም። አገር አቀፍ ፖሊስ በአዋጅ የቆመው ጣሊያን ከወጣ በኋላ በኛ አቆጣጠር በ1934 ነው፣ ሲያቋቁሙት እንግሊዞች ረድተዋል።

ሁለቱ በር በደንብ የተለየው ከዚያ በኋላ ነው። በፈረንጆቹ 1946 አባዲና የሚባለው የመኮንኖች ትምህርት ቤት ተከፈተ፣ ዛሬ ሰንዳፋ ያለው የፖሊስ ዩኒቨርሲቲ ሥሩ እሱ ነው። ያኔ ሁለተኛ ደረጃ ያልጨረሰ አይገባም ነበር፣ ኮርሱ ሁለት ዓመት ነበር፣ መጀመሪያ ላይ አስተማሪዎቹ ስዊድኖች ነበሩ፣ በኋላ ከዛው የተመረቁ ኢትዮጵያውያን ተኩ። ትምህርቱስ ምን ነበር? የወንጀል ሕግ አለ፣ ትራፊክ አለ፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ አለ፣ ክሪሚኖሎጂ ማለትም የወንጀል ጥናት አለ፣ ሶሲዮሎጂም አለ። አዎ ሶሲዮሎጂ! ይቺን ለወንድምሽ አንብቢለት፣ አንቺ አራት ዓመት የተማርሽው የድሮ ዕጩ መኮንን ክፍል ገብቶ ይማረው የነበረ ትምህርት ነው።

ተራው ፖሊስ ግን ያኔ በሌላ መንገድ ነበር የሚገባው፣ በየአካባቢው ማስታወቂያ ይወጣል፣ ወጣቱ በጅምላ ተሰልፎ አካሉ ይታያል፣ ያለፈው በየክፍለ ሀገሩ ወዳለው ማሰልጠኛ ይሄዳል። ደግሞ ቁጥሩን እይው፣ ከ1946 እስከ 1990 በፈረንጅ አቆጣጠር ከመኮንኖቹ ትምህርት ቤት የተመረቁት ባጠቃላይ 3,200 ያህል ናቸው፣ በ44 ዓመት ማለት ነው፣ ለመላው አገር በዓመት ሰባ ምናምን ሰው። ስለዚህ የኛ አገር ሰው በየገበያውና በየመንገዱ ያየው ፖሊስ ባብዛኛው በሁለተኛው በር የገባውን ነው፣ ፖሊስ ሲባል ጉልበት ብቻ የሚታየንም ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

በኛ አቆጣጠር ከ1987ቱ ሕገ መንግሥት ወዲህ ደግሞ በአንቀጽ 52 መሠረት ክልሎች የራሳቸውን ፖሊስ ያደራጃሉ፣ የኛም ክልል ምልምሎች እዚሁ ደብረ ማርቆስ ሲሰለጥኑ እያየን ነው የኖርነው። ማዕረጉም ተቀየረ፣ በአያትሽ ጊዜ አሥር አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ፣ ሻምበል ነበር፣ አሁን ኮንስታብል፣ ሳጅን፣ ኢንስፔክተር፣ ኮማንደር ነው። ስሙ ከወታደር ወጥቷል፣ ሥልጠናው ሙሉ በሙሉ ወጥቷል ብዬ ግን አልዋሽሽም፣ ሩጫውና ሰልፉ አሁንም ብዙውን ቀን ይወስዳል።

አንድ የመከርኩት ልጅ ሥልጠናውን ጨርሶ ሊጠይቀኝ መጥቶ ደብተሩን አሳየኝ። ጠርዙ በላብና በዝናብ ተጣጥፏል፣ የመጀመሪያው ገጽ ላይ በቀይ እስክሪብቶ "አንቀጽ 27" ብሎ ሁለቴ አስምሮበታል፣ በኛ አቆጣጠር በ1954 የወጣው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ነው፣ ተጠርጣሪ ለፖሊስ ቃሉን እንዲሰጥ አይገደድም ይላል። "ጋሼ ሩጫውን ለመድኩት፣ የከበደኝ ይሄ ነው" አለኝ። ሥራ ከጀመረ በኋላ ፊቱ የተቀመጠው ተጠርጣሪ እኩያው ነው፣ ዝም አለ፣ ጠየቀው፣ አሁንም ዝም፣ ልጁ እጁ እየተንቀጠቀጠ "ቃል ለመስጠት ፈቃደኛ አይደለም" ብሎ ጽፎ ፋይሉን ዘጋ። እኔ ያን ቀን በጣም ነው የኮራሁበት። ለአያትሽም ይሄን ንገሪያቸው፣ ሰው እንዴት እንደሚያስብና እንደሚፈራ የተማረች ልጅ እዛ ወንበር ላይ ብትቀመጥ ምን እንደምትጠቅም እሳቸው ካንቺ በላይ ይገባቸዋል።

አሁን ወደ ሥራው። ማስታወቂያ ሲወጣ መጀመሪያ የምታዪው ደሞዙን ሳይሆን "ምልምል ፖሊስ" ነው ወይስ "ዕጩ መኮንን" የሚለውን ነው፣ አንዳንዴ ለዲግሪ ምሩቃን ለብቻ ይወጣል። ምልምል ከሆነ ዲግሪሽ በማዕረግና በምደባ ይታሰባል ወይ ብለሽ ከመመዝገብሽ በፊት የምልመላ ክፍሉን ጠይቂ፣ "በኋላ ይታያል" ካሉሽ አይታሰብም ብለሽ አስቢና ወስኚ። ተመድበሽ ስትወጪ ደግሞ የምርመራ ወይም የሴቶችና ሕፃናት ክፍል ብለሽ ጠይቂ፣ ትምህርትሽ የሚሠራው እዛ ነው። ጧት ጧት መሮጥ ከዛሬ ጀምሪ፣ ደምበጫ ዳገት ሞልቷል፣ ማታ ማታ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 19ና 20 አንብቢ፣ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት የሚለው እዛ ነው ያለው፣ ለቃለ መጠይቅ ባይሆን እንኳ ለራስሽ።

ጊዜውን ደግሞ እኔም አንቺም እናውቀዋለን፣ ጎጃም ላይ ዩኒፎርም መልበስ ዛሬ ቀላል ውሳኔ አይደለም፣ እናትሽ ከፈሩ ፍርሃታቸውን አትናቂው። ከሳቸው ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ፣ ዘንድሮ ይቅር ካላችሁም ዲግሪሽ የትም አይሄድም፣ እስከዛው የማኅበራዊ ሠራተኛ ማስታወቂያ ፍርድ ቤትም ሆስፒታልም ሲወጣ ተወዳደሪ። የፖሊሱ ማስታወቂያ ከወጣ ግን ሳትፈርሚ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፣ አብረን መስመር በመስመር እናነበዋለን።