የጠፋ የመሰለው ሽፍታ ለምን እዚያው ይመለሳል? የእድራችን ጥያቄና መልስ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የቆዳ ሐኪም ሆኖ መኖር ማለት ደረጃ ላይ ክርን ማየት፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ አንገት ማየት ነው። ደስ ብሎኝ ነው የማየው። ግን አብዛኛው ጥያቄ አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ እሁድ ከእድር ስብሰባ በኋላ ቁጭ ብለን ተነጋገርን። መከላከያ ሴሎቻችን በራሳችን ቆዳ ላይ ሲነሱ ምን እንደሚሆን ነበር ወሬው። ላልመጣችሁት ጥያቄና መልሱ ይኸው፤ የጠያቂዎቹን ስም ትቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ በሽታ የሚከላከሉት ሴሎች ደም ውስጥ አይደሉም እንዴ? ቆዳ ምን አገባው?

መልስ፦ በደንብ ያገባዋል። በአንድ አዋቂ ሰው ቆዳ ውስጥ ቲ ሴሎች የሚባሉ 20 ቢሊዮን ገደማ የመከላከያ ሴሎች አሉ። በደም ውስጥ ከሚዞሩት እጥፍ ገደማ ማለት ነው። ከእነሱ በላይ፣ በላይኛው የቆዳ ሽፋን፣ ላንገርሃንስ የሚባሉ ቅርንጫፍ ያላቸው ሴሎች ተበትነዋል። ፖል ላንገርሃንስ እ.ኤ.አ. በ1868 ሲያገኛቸው በርሊን ውስጥ ገና ተማሪ ነበር፤ የነርቭ ሴሎች መስለውት ነበር። ሥራቸው ያገኙትን ነገር ይዞ ለቲ ሴሎች ማሳየት ነው። «ይህን አጥቁ» ወይም «ይህ የራሳችን ነው፣ ተዉት» የሚለው ነገር ብዙ ጊዜ ከዚያ ይጀምራል። ሲዛባ፣ ለምጽ ላይ ቀለም ሰሪዎቹ ሴሎች ይገደላሉ። ሶሪያሲስ በሚባለው ቅርፊታም ሽፍታ ላይ ደግሞ ኢንተርሉኪን 17 የሚባል መልእክት ይበዛና፣ አንድ ወር ገደማ የሚፈጀው የቆዳ መታደስ በጥቂት ቀን ያልቃል። ያ የሚራገፈው ነጭ ቅርፊት ከዚህ የመጣ ነው።

ጥያቄ፦ ክርኔ ላይ የነበረው ሶሪያሲስ ጥርግ ብሎ ጠፍቶልኝ ነበር። ክረምት ሲገባ ግን እዚያው ቦታ፣ ያንኑ ቅርጽ ይዞ መጣ። ሌላ ቦታ አጥቶ ነው?

መልስ፦ ጋሼ፣ ከሁሉም በላይ መነጋገር የምፈልገው ይህን ነው። ሽፍታው ጠፋ ማለት ሴሎቹ ሄዱ ማለት አይደለም።

ሌባ የገባበት ግቢ ዘበኛ ይቀጠርለታል፤ ሌባው ከሄደም በኋላ ዘበኛው እዚያው ያድራል። ቆዳም እንዲሁ ያደርጋል። ውጊያ ካለቀ በኋላ አንዳንድ ቲ ሴሎች ወደ ደም አይመለሱም፤ የማስታወስ ሴል ሆነው እዚያው ይቀመጣሉ። ቫይረስ ሲመጣ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው፤ በፍጥነት ይደርሱልናል። እርስዎ ላይ ግን የተቀመጡት በስህተት የተሰለፉት ናቸው። ቆዳዎ ለዓይን ንጹሕ ቢሆንም እነሱ ተኝተው ይጠብቃሉ። ጭረት፣ ብርድ፣ የጉሮሮ ሕመም፣ ጭንቀት ሲያገኛቸው ያንኑ ኢንተርሉኪን 17 ይለቃሉ።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣ ጥናት፣ ሶሪያሲስ ካለባቸው ሰዎች ገና ሽፍታ ያልወጣበት ቆዳ ተወስዶ በአይጦች ላይ ተተከለ። ከሰውየው ደም አዲስ ሴል የሚመጣበት መንገድ የለም። ሆኖም ሶሪያሲሱ ወጣ። አብረው የሄዱት ነዋሪ ቲ ሴሎች ተባዝተው ነበር። ይህን ጥናት ካነበብኩ ጀምሮ «ጠፍቷል፣ መድኃኒቱን ልተው?» የሚለኝን ሰው ዝም ብዬ አላሳልፍም። ሲጠፋ መጠኑን እንቀንሳለን፤ ቀኑን እናራርቃለን። በራስዎ ጊዜ ድንገት አያቁሙ።

ጥያቄ፦ እኔ ከሱቅ የምገዛው ክሬም በ3 ቀን ያጠፋልኛል። ሐኪም ቤት ምን ልሠራ እሄዳለሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቱቦውን አሳየኸኝ፤ ክሎቤታሶል ይላል። ከሚቀቡ ስቴሮይዶች በጣም ኃይለኛ ከሚባሉት ነው። ሴሎቹን ዝም ያሰኛቸዋል፣ አያስወጣቸውም። ስታቆም ብሶ ይመጣል፤ አንተም ደግመህ ትገዛለህ። በዚህ መሀል ቆዳህ ይሳሳል፣ ቀያይ የደም ሥር ይወጣበታል። ፊት ላይማ ጨርሶ አይቀባም። ደግሞ ያለብህ ጭርት ከሆነ ፈንገሱን እየመገብከው ነው። እኔም ይህን ክሬም አዝዛለሁ፤ ግን ለየትኛው ቦታ፣ ለስንት ቀን እንደሆነ ተናግሬ ነው።

ጥያቄ፦ ፊቴ ላይ ለምጽ ወጥቷል። ታክሲ ውስጥ ሰው ከአጠገቤ ይነሳል። ይተላለፋል እንዴ?

መልስ፦ አይተላለፍም፣ እህቴ። በመጨባበጥም፣ በአንድ ትሪ በመብላትም፣ አብሮ በመተኛትም አይተላለፍም። ከአጠገብሽ የሚነሳው ሰው ከሥጋ ደዌ ጋር አምታቶት ይሆናል። ሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ነው፤ እሱም ቢሆን በመድኃኒት ይድናል። ልዩነቱን ስትመረመሪ አይተሻል፦ ዓይንሽን ጨፍነሽ በጥጥ ጫፍ ስነካሽ በነጩም በጤናማውም ቦታ እኩል ተሰምቶሻል። የሥጋ ደዌ ምልክት ያለበት ቆዳ አብዛኛውን ጊዜ ይደነዝዛል።

ለምጽም ላይ ነዋሪ ሴሎች አሉ። ቀለሙ ከተመለሰ በኋላ ሕክምና ካቆሙት ሰዎች 40 በመቶ ገደማው በ1 ዓመት ውስጥ ይመለስባቸዋል። ታክሮሊመስ የሚባል ቅባት በሳምንት 2 ጊዜ መቀባት ይህን በጣም ይቀንሰዋል። ፊት ደግሞ ከእጅና ከእግር ጣት ይልቅ ለሕክምና ቶሎ እሺ ይላል። ቶሎ ጀምሪ።

ጥያቄ፦ ስግደት አበዛለሁ። ጉልበቴ ላይ ያለው ሶሪያሲስ ከዚያ የመጣ ነው?

መልስ፦ በሽታውን ስግደት አላመጣውም፣ እትዬ። ነገር ግን የሚፈገፈግና የሚላጥ ቦታ ላይ ይበረታል። ወፍራም ምንጣፍ ያንጥፉ፣ ከዚያ በፊትና በኋላ ቫዝሊን ይቀቡ። ቅርፊቱን በጥፍር አያንሱት፤ ሥሩ ነጠብጣብ ደም ይወጣል፣ ቁስሉም ሌላ ሽፍታ ይጠራል።

ጥያቄ፦ ልጄ ሉፐስ አለባት። ፀሐይ ይህን ያህል ያስፈራል?

መልስ፦ አዎ። ፀሐይ የቆዳ ሴሎችን ስትጎዳ ኢንተርፌሮን የሚባል መልእክት ይበዛል፤ መከላከያችን የራሱን ሰውነት በሚያጠቃበት በሉፐስ ላይ እሱ ኩላሊትና መገጣጠሚያ ድረስ ያለውን በሽታ ሊቀሰቅስ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ቅድም ያልናቸው ላንገርሃንስ ሴሎች ቆዳን ከፀሐይ ጉዳት ይጠብቃሉ፤ ሉፐስ ላይ ግን ይህ ጥበቃ ይደክማል። እኛ የምንኖረው ደግሞ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፤ በየ1,000 ሜትሩ ጨረሩ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ስስ ነጠላ ብቻውን አይበቃም። ጥላ፣ ረጅም እጅጌ፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ ደመና ባለበት ቀንም ጭምር።

ጥያቄ፦ በርበሬ ልተው?

መልስ፦ ሲበሉ ካላሳከከዎት ይብሉ።

ጥያቄ፦ ጸበል እየተጠመቅኩ መድኃኒት ብወስድስ?

መልስ፦ ሁለቱንም ያድርጉ። መድኃኒቱን ግን አያቋርጡ።

ጥያቄ፦ የሚያጠቁት ይህን ያህል ከበዙ፣ የሚያረጋጋ ሴል የለንም?

መልስ፦ አለን እንጂ! ተቆጣጣሪ ቲ ሴሎች ይባላሉ፤ ቆዳ ውስጥ በተለይ በፀጉር ሥር ዙሪያ ይሰፍራሉ። የ2025 የሕክምና ኖቤል ሽልማት ለሜሪ ብሩንኮው፣ ለፍሬድ ራምስዴልና ለሺሞን ሳካጉቺ የተሰጠው በእነዚህ ሴሎች ላይ ባደረጉት ሥራ ነው። እነሱን አጠናክሮ ሌላውን መከላከያ ሳይነኩ ማከም አሁን ብዙ ላቦራቶሪዎች የሚደክሙበት ነው። እኔ በጉጉት ነው የምከታተለው።

ጥያቄ፦ ሶሪያሲሴ ትንሽ ነው፣ ራስ ቅሌ ላይ ብቻ። ግን ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ አይታጠፉም። ይገናኛል?

መልስ፦ ሊገናኝ ይችላል፣ ጋሼ። ሶሪያሲስ ካለባቸው ሰዎች እስከ 30 በመቶ የሚሆኑት መገጣጠሚያቸውም ይታመማል። ጥፍርዎን ሳየው ጥቃቅን ጉድጓዶች አሉት፤ ይህም ከዚያው ወገን ነው። መገጣጠሚያ አንዴ ከተበላሸ አይመለስም፤ ስለዚህ ጣትዎ እስኪያብጥ አይጠብቁ። በዚህ ሳምንት ይምጡ፣ ራጅ እናነሳለን። እስከዚያ የስቴሮይድ ክኒን ከማንም እንዳይቀበሉ፤ ድንገት ሲቋረጥ ሶሪያሲሱን መላ ሰውነት ላይ ሊያወጣው ይችላል።