ዳገቱ ላይ ያቃጠለህ እና ማክሰኞ ያመመህ አንድ ነገር አይደለም

ጠያቂው ወንድማችን ያቀረበው ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው፦ ባለፈው እሑድ ከጓደኞቹ ጋር ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለውን የደንገጎን ዳገት በእግሩ ወጥቶ ወርዷል። ሲወጣ ጭኑ እንደ እሳት አቃጥሎታል፤ ማክሰኞ ጠዋት ደግሞ ደረጃ መውረድ አቅቶታል። አሁን «በጡንቻዬ የተጠራቀመው አሲድ እንዲወጣልኝ ሎሚ በስኳር ልጠጣ ወይስ ወጌሻ ዘንድ ልሂድ?» ይላል። ከእኔ በፊት የመለሱት አባላት አሲዱ መኖሩን ተቀብለው የተከራከሩት በማስወጫው ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ድሬዳዋ ውስጥ ለ19 ዓመታት የሰውነት ማጎልመሻ ሳስተምር ካየሁትና ካነበብኩት ተነሥቼ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። እንደ ድሬ ልማድ «አንተ» እያልኩ ነው የምጽፈው።

በመጀመሪያ ጡንቻ እንዴት እንደሚስብ እንመልከት። እያንዳንዱ የጡንቻ ክር ጎን ለጎን በተደረደሩ ሁለት ዓይነት ዘንጎች የተሞላ ነው። ወፍራሞቹ ማዮሲን፣ ቀጫጭኖቹ አክቲን ይባላሉ። ጡንቻው ሲኮማተር አንዱ በሌላው መካከል ይንሸራተታል እንጂ ዘንጎቹ ራሳቸው አያጥሩም። ይህን እ.ኤ.አ. በ1954 አንድሪው ሃክስሊ ከሮልፍ ኒደርገርኬ ጋር፣ ሂዩ ሃክስሊ ደግሞ ከጂን ሃንሰን ጋር ሆነው፣ ለየብቻ ሠርተው በአንድ የሳይንስ መጽሔት እትም ላይ አሳተሙት። ሁለቱ ሃክስሊዎች ዝምድና የላቸውም። ለተማሪዎቼ ነገሩን የማስረዳው ከጉድጓድ ውኃ በሚቀዳ ሰው ነው፤ ገመዱን ይጨብጣል፣ ይስባል፣ ይለቃል፣ ዝቅ ብሎ እንደገና ይጨብጣል። ማዮሲንም እጅ የሚመስሉ ብዙ ራሶች አሉት፤ ከነርቭ ትእዛዝ ሲደርስ በጡንቻው ውስጥ ካልሲየም ይለቀቅና የአክቲንን መጨበጫ ቦታዎች ይገልጥላቸዋል።

ለዚህ ሁሉ የሚከፈለው ኤቲፒ በሚባል ኃይል ተሸካሚ ውሕድ ነው። ብዙ ሰው ኃይል የሚያስፈልገው ለመሳብ ብቻ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ማዮሲን የጨበጠውን ለመልቀቅም አዲስ ኤቲፒ ሊደርሰው ይገባል። ይህንን በዓይኔ ያየሁት ሐረር ጁገል ውስጥ አንድ የግመል ሥጋ ቤት ደጃፍ ላይ ቆሜ ነው። ከታረደ ብዙም ያልቆየ ታፋ መንጠቆ ላይ ተሰቅሎ፣ ሥጋው ላይ ላዩን እንደ ዓይን ቆብ እርግብ እርግብ ይል ነበር። በክሮቹ ውስጥ የቀረ ኤቲፒ ስለነበረ እጆቹ ገና ይጨብጡና ይለቁ ነበር ማለት ነው። ከሰዓታት በኋላ ያው ሥጋ እንደ እንጨት ይደርቃል፤ ኤቲፒው ስላለቀ እጆቹ እንደጨበጡ ይቀራሉና። የሞተ ሰው ገላ የሚደርቀውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ታዲያ በጡንቻ ውስጥ ያለው የኤቲፒ ክምችት በሙሉ አቅም ለሚሮጥ ሰው ከጥቂት ሰከንዶች አይበልጥም። ስለዚህ ሰውነት ያለማቋረጥ እየሠራ ይተካል። በመጀመሪያ የሚደርስለት በጡንቻው ውስጥ የተቀመጠ ክሬቲን ፎስፌት የሚባል ውሕድ ሲሆን፣ እሱም በከፍተኛ ጥረት ጊዜ 10 ሰከንድ ገደማ ብቻ ያደርሳል። ቀጥሎ በጡንቻ ውስጥ ግላይኮጅን ሆኖ የተቀመጠው ስኳር ያለ ኦክስጅን ይፈርሳል፤ ይህ ፈጣን ነው፣ ግን ከአንድ ግሉኮስ የሚገኘው የተጣራ ትርፍ ከ2 እስከ 3 ኤቲፒ ብቻ ነው። ኦክስጅን በበቂ ሲደርስ ግን ማይቶኮንድሪያ በሚባሉት የሕዋስ ክፍሎች ውስጥ ያው አንድ ግሉኮስ 30 ገደማ ኤቲፒ ይሰጣል፤ ስብም የሚነደው በዚህ መንገድ ብቻ ነው። እሑድ ዳገቱን ገና ከሥሩ በፍጥነት ጀምራችሁት ከሆነ፣ ልብህና ሳንባህ ኦክስጅኑን ሳያደርሱ ጭንህ በፈጣኑ መንገድ ላይ ወድቆ ነበር ማለት ነው። ሙቀቱም አለበት፤ ጡንቻ ካቃጠለው ነዳጅ ወደ ሥራ የሚለውጠው ከ20 እስከ 25 በመቶውን ያህል ብቻ ነው፤ የተረፈው ሙቀት ስለሚሆን፣ በእኛ ከተማ አየር ደሙ ቆዳን ለማቀዝቀዝም ስለሚፈለግ ለእግር የሚተርፈው ይቀንሳል።

ጭንህን ያቃጠለህ ያን ጊዜ ነው። በፈጣኑ ሥራ ምክንያት በጡንቻው ውስጥ አሲዳማነት ይጨምራል፣ ከኤቲፒ የሚለየው ፎስፌትም ይጠራቀማል፤ እነዚህ የነርቭ ጫፎችን ይነካካሉ፣ የእጆቹንም አሳሳብ ያዳክማሉ። ስኳር ያለ ኦክስጅን ሲፈርስ የሚገኘውና ብዙ ሰው «የጡንቻ አሲድ» የሚለው ላክቴት በዚያው ጊዜ አብሮ ስለሚበዛ ለረጅም ዘመን ጥፋተኛው እሱ ነው ሲባል ኖሯል። እኔም ተማሪ ሳለሁ የተማርኩት፣ ከዚያም ለዓመታት ያስተማርኩት ይህንኑ ነው፤ አሁን ያን ትምህርት ማረም ግዴታዬ ይመስለኛል። ላክቴት ቆሻሻ አይደለም። ልብ ራሱ እንደ ነዳጅ ያቃጥለዋል፤ ጉበትም መልሶ ግሉኮስ ያደርገዋል። ዳገቱን ጨርሰህ ካረፍክ በኋላ በአንድ ሰዓት ገደማ ወደ ነበረበት መጠን ይመለሳል። ማክሰኞ ጠዋት ደረጃው ላይ ስትቆም በእግርህ ውስጥ የሚወጣ የእሑድ አሲድ አልነበረም።

የማክሰኞው ሕመም የመጣው ከመውረዱ ነው። ቁልቁል ስትራመድ የፊት ጭንህ ጡንቻ ክብደትህን ለመያዝ እየሳበ፣ በዚያው ቅጽበት ደግሞ ጉልበትህ ሲታጠፍ እየተለጠጠ ይሄዳል። እጆቹ የጨበጡትን ገመድ ሌላ ጉልበተኛ ሲጎትትባቸው ማለት ነው። እንዲህ ያለው ሥራ ትንፋሽ አያስቆርጥም፣ ስለዚህም ማንም አይጠነቀቅለትም፤ ነገር ግን በጣም ጥቃቅን በሆኑ የክሩ ክፍሎች ላይ ጉዳት ያደርሳል፤ ሰውነት ያንን ሲጠግን የሚፈጠረው መቆጣት ሕመሙን ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ያባብሰዋል። አንድ ጊዜ ተማሪዎቼን ይዤ ያንኑ ዳገት ወጥተን፣ ገሚሶቹ በመኪና ሲመለሱ ገሚሶቹ በእግራቸው ወረዱ። ሲወጡ ሁሉም እኩል ሲያለከልኩ ነበር። በሁለተኛው ቀን ግን ወንበር ላይ ለመቀመጥ ጠረጴዛ የሚደገፉት በእግራቸው የወረዱት ነበሩ። ለእኔ ከዚያ የበለጠ ማስረጃ አላስፈለገኝም።

እንግዲህ ሎሚ በስኳር ብትጠጣ አይጎዳህም፤ ስኳሩ ያለቀውን ግላይኮጅን ለመተካት በጥቂቱ ያግዛል፣ ሎሚው ግን ከጡንቻህ የሚያስወጣው ነገር የለም። የተሻለው ደህና አድርገህ እንጀራህን ወይም ሩዝህን መብላት፣ ከላብ ጋር የወጣውንም ውኃና ጨው መተካት ነው። ወጌሻ ለስለስ አድርጎ ቢያሽህ ሕመሙ ሊቀልህ ይችላል፤ ጠንክሮ ልጠምዝዝ፣ ልጎትት ካለህ ግን ገና እየዳነ ያለውን ክር ነውና የሚነካው እምቢ በለው። ቀስ ብሎ በሜዳ ላይ መራመድ ከመተኛት ይሻላል። ጫትን በተመለከተ አንድ አባል «ድካም ያጠፋል» ብሎ ስለጻፈ ዝም ማለት አልችልም፤ ጫት ድካሙ እንዳይሰማህ ያደርጋል እንጂ አንዲት ኤቲፒ አይጨምርልህም፤ የልብ ምትህን ከፍ አድርጎ የምግብ ፍላጎትህን ይዘጋል፣ ጡንቻው የሚጠግንበትንም እንቅልፍ ይወስዳል።

ሽንትህ እንደ ሻይ ከጠቆረ፣ ወይም እግርህ ክፉኛ አብጦ ሊሸከምህ ካቃተው፣ ይህ የተለመደው ሕመም ስላልሆነ ሳትውል ሳታድር ወደ ሕክምና ሂድ፤ በብዛት የፈረሰ ጡንቻ ኩላሊትን ይጎዳል።

ወደ ደንገጎ ለመመለስ አትፍራ። ዳገቱን ስትጀምር የመጀመሪያዎቹን 10 ደቂቃዎች ከጓደኛህ ጋር ማውራት በምትችልበት ፍጥነት ሂድ፤ ቁልቁለቱን ደግሞ በአጭር እርምጃ ውረድ። ጡንቻ አንድ ጊዜ በዚህ ዓይነት ሥራ ከተጎዳ በኋላ ለሳምንታት ያህል ለተመሳሳዩ ሥራ ይጠነክራል። እነዚያ በእግራቸው የወረዱት ተማሪዎቼ ከ3 ሳምንት በኋላ ያንኑ መንገድ ሲደግሙት፣ በሁለተኛው ቀን ጠረጴዛ የተደገፈ አንድም አልነበረም።