የሬቪት ፕለጊንና የትሬድ ጣጣ፦ ጥያቄና መልስ

መልስ ሰጪ፦ ዛሬ ማታ በሲ ሻርፕ የሬቪት (የሕንፃ ዲዛይን ሶፍትዌሩ) ፕለጊን፣ ማለትም ተጨማሪ ፕሮግራም፣ የምትጽፉ ጠይቁ። ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ የሬቪት ኤፒአይ (ኮዳችሁ ሬቪትን የሚያዝበት በር) የሚነካው ከዋናው ትሬድ (ሬቪት ራሱ ከሚሠራበት የሥራ መስመር) ብቻ ነው፣ እሱም ሬቪት ራሱ ሲጠራችሁ።

ጥያቄ፦ ኢንጅነር ሰላም ነው? ፕለጊኔ ክራሽ ያደርጋል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ምን ስትሠራ? የትኛው ቨርዥን ላይ? ጆርናል ፋይሉ (ሬቪት የሠራውን የሚመዘግብበት) መጨረሻ ላይ ምን ይላል? እሱን ይዘህ ና።

ጥያቄ፦ የብዙ ግድግዳ ስፋት በፓራለል ፎርኢች (ሥራውን ለብዙ ትሬድ በሚያከፋፍለው) እያሰላሁ ነው። አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ ሬቪት ድርግም ብሎ ይጠፋል።

መልስ፦ አደገኛው ያ «አንዳንዴ ይሠራል» ነው። አንተ ጋ ይሠራና ደንበኛው ጋ ሄዶ ያዋርድሃል። መጀመሪያ ዋናው ትሬድ ላይ የምትፈልጋቸውን ቁጥሮች ከግድግዳዎቹ አንብብና ራስህ በሠራኸው ተራ ክላስ ውስጥ ገልብጣቸው። ስሌቱን እዚያ ላይ በፈለግከው ትሬድ አስኪደው። ውጤቱን መልሰህ ዋናው ትሬድ ላይ በአንድ ትራንዛክሽን (ሞዴሉ ላይ ለውጥ የሚጻፍበት ጥቅል) ጻፍ። በነገራችን ላይ፣ ለእያንዳንዱ ግድግዳ ትራንዛክሽን የምትከፍት ከሆነ ያዘገየህ እሱ ነው። መጀመሪያ ለካ።

ጥያቄ፦ እኔ ሞድለስ መስኮት (ክፍት ሆኖ ሬቪት ላይ መሥራት የሚያስችል) አለኝ። ቁልፉ ሲጫን «ከኤፒአይ ኮንቴክስት ውጭ ትራንዛክሽን መክፈት አይፈቀድም» ይላል። ግን እኮ ዋናው ትሬድ ላይ ነኝ፣ አረጋግጫለሁ!

መልስ፦ ጎበዝ፣ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው። ዋናው ትሬድ ላይ መሆን ባንክ ቤት እንደ መግባት ነው። ቁጥርሽ ሳይጠራ መስኮቱ ጋ ብትሄጂ ማንም አያስተናግድሽም። ቁጥር የምትወስጂው በኤክስተርናል ኢቨንት (ሬቪት ሲመቸው ኮድሽን እንዲጠራ በሚጠየቅበት መንገድ) ነው። ፕለጊኑ ሲነሳ ፍጠሪው፤ ቁልፉ ሲጫን ሬይዝ በይው (ጥሪውን አስመዝግቢ)። ሬቪት ሥራ ሲፈታ ኤክስኪዩትን (ሥራሽ የተጻፈበትን ሜተድ) ይጠራልሻል። ብዙ ሰው የሚወድቀው ከዚህ በኋላ ነው። ኤክስኪዩት ሳይጠራ ሁለቴ ሬይዝ ብትይ የሚጠራው አንዴ ነው። ስለዚህ ሥራዎቹን በኮንከረንት ኪው አሰልፊና ኤክስኪዩት ውስጥ ወረፋው እስኪያልቅ አውጪ። ደግሞ ግድግዳውን ራሱን ይዘሽ አትጠብቂ፣ ኤለመንት አይዲውን (መለያ ቁጥሩን) ያዢ። በመሃል ተጠቃሚው ሊያጠፋው ይችላል። ጌት ኤለመንት (በአይዲው የሚፈልገው) ነል (ባዶ) ከመለሰ ዝለዪው። ከሬይዝ ቀጥሎ ያለው መስመር ሲደርስም ሥራው አልቋል ብለሽ እንዳታስቢ።

አባል 1፦ ይሄ ሁሉ ለምን? እኔ አይድሊንግ ኢቨንት (ሬቪት ሥራ ሲፈታ የሚያሰማው) ላይ ነው የምሠራው። ሁለት መስመር ኮድ፣ አለቀ።

አባል 2፦ አዎ፣ ሴት ሬይዝ ዊዝአውት ዲሌይ (ያለ ፋታ ደጋግመህ ጥራኝ) ብለህ ሲፒዩውን አሳርረው። የላፕቶፑ ፋን እንደ ጄኔሬተር እየጮኸ።

አባል 1፦ ያለሱ ደግሞ ማውስ እስክታንቀሳቅስ ቁጭ ብለህ ጠብቅ።

አባል 3፦ ዳይናሞ (ሣጥኖችን በመስመር እያገናኙ ፕሮግራም የሚሠራበት የሬቪት መሣሪያ) ብትጠቀሙ እኮ ይሄ ሁሉ የለም።

አባል 2፦ ዳይናሞን ማን ጠራው?

መልስ፦ ተዉ እንጂ! ዳይናሞ ሌላ ቀን። አይድሊንግ የምትጠቀሙ ሥራው ሲያልቅ ኮዳችሁን ከኢቨንቱ አላቅቁት። አብዛኛው ሰው ይረሳዋል።

ጥያቄ፦ ከሰርቨር ዋጋ የሚያመጣ ኮድ አለኝ። በአዌይት (ትሬዱን ሳይይዝ መልስ በሚጠብቀው) ጽፌ ከኮማንዱ ውስጥ በነጥብ ሪዘልት (ትሬዱን አቁሞ በሚጠብቀው) ስጠራው ሬቪት ሀንግ ያደርጋል።

መልስ፦ ዋናው ትሬድ ሪዘልት ላይ ቆሞ መልስ ይጠብቃል። ከአዌይት በኋላ ያለው ኮድ ደግሞ ዋናው ትሬድ እስኪለቀቅ ይጠብቃል። ሁለቱም ሲጠባበቁ ይነጋል። ሪዘልትን ተው። መስኮቱ ውስጥ አዌይት አድርግ፣ ዳታው ሲደርስ ሬይዝ በል። ኮንፊገር አዌይት ፎልስ (ወደ ዋናው ትሬድ ሳትመለስ ቀጥል) የሚልህ ሰው ይኖራል። ሀንጉን ይፈታል፤ ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ትሬድ ላይ ነህ። እዚያ ሆነህ ዶክዩመንቱን (የሬቪቱን ሞዴል) እንዳትነካ።

ጥያቄ፦ አርኪካድስ (ሌላው የሕንፃ ዲዛይን ሶፍትዌር) እንዴት ነው?

መልስ፦ የኔ ዘርፍ አይደለም።

ጥያቄ፦ ሬቪት 2025 ወደ ዶትኔት 8 (የሲ ሻርፕ ኮድ የሚሠራበት የማይክሮሶፍት መድረክ) ሲዞር ይሄ ነገር ተቀየረ?

መልስ፦ የትሬዱ ሕግ ያው ነው። ፕለጊንህን ግን ለአዲሱ ዶትኔት እንደገና ኮምፓይል አድርገው።

ጥያቄ፦ ታስክ ራን (ሥራን ሌላ ትሬድ ላይ የሚያስኬደው) ውስጥ ኤለመንት ማንበብ ብቻስ? ምንም አልጽፍም።

መልስ፦ ማንበብም ክልክል ነው። ፎርኢች ለጠየቀው ልጅ የመለስኩትን እይ።

ጥያቄ፦ ስሙን ብቻ ከሆነስ?

መልስ፦ አይሆንም አልኩ እኮ! ሌላ ጥያቄ ያለው?