ግቢያችሁን ለአልሚ ከመስጠታችሁ በፊት፦ ጥያቄና መልስ

አዲስ አበባ ውስጥ አልሚ (ቦታ ወስዶ ሕንፃ የሚገነባ ባለሀብት) ግቢያችሁን ስጡኝ የሚላችሁ ሰዎች የላካችሁልኝ ጥያቄዎች ናቸው። የቤት ሽያጭ ውል ሳረቅቅ ዓመታት ስላለፉ የማውቀውን ልንገራችሁ።

ጥያቄ፦ እናቴ ጉለሌ 300 ካሬ ነባር ይዞታ (በሊዝ ያልተያዘ የቆየ ቦታ) አላት። መሬቱን መሸጥ ትችላለች?

መልስ፦ እህቴ፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም። እናትሽ የሚሸጡት ቤቱን ነው፤ የመጠቀም መብቱ ቤቱን ተከትሎ ይሄዳል። የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ደግሞ ነባር ይዞታ ከውርስ ውጭ ሲተላለፍ ወደ ሊዝ፣ ማለትም ለመንግሥት እየተከፈለ ለተወሰነ ዘመን ወደሚያዝበት ሥርዓት፣ እንዲገባ ደንግጓል። አልሚው ዋጋ የሚጠራው ይህን ወጪ አስልቶ ነው።

ጥያቄ፦ በካሬ ስንት ልበል?

መልስ፦ መጀመሪያ ክፍለ ከተማ ሄደህ የፕላን መረጃ አውጣ። ቦታው ስንት ፎቅ ይፈቀድለታል? መንገድ ምን ያህሉን ይወስዳል? አንድ ጎረቤቴ በካርታው 240 ካሬ ሲደራደር ከርሞ፣ የመንገዱ መስመር ሳሎኑን አቋርጦ እንደሚያልፍ ያወቀው ቀብድ ሊቀበል ሲል ነው። ግቢህ ጠባብ ከሆነ ደግሞ ደላላው አንድ በአንድ ሳያናግራችሁ፣ አብራችሁ እንድትደራደሩ ከጎረቤቶችህ ጋር ተማከር።

ጥያቄ፦ አልሚው በገንዘብ ፋንታ «ከሕንፃው 40 በመቶ ውሰዱ» ይለናል።

መልስ፦ የምኑን 40 በመቶ? ደረጃው፣ ሊፍቱና የመኪና ማቆሚያው ተቆጥሮ ነው? የምድር ቤቱ ሱቅ ለማን ይደርሳል? አንዲት እናት ያሳዩኝ ውል «ግንባታው ሲጠናቀቅ ያስረክባል» ይላል፤ ቀን የለውም። ቤታቸው ፈርሶ ሦስተኛ ዓመታቸውን በኪራይ ይኖራሉ። እባካችሁ፣ የማስረከቢያው ቀን፣ የመዘግየት ቅጣቱ፣ እስከዚያ የሚከፈላችሁ የቤት ኪራይና አልሚው ቃሉን ባይጠብቅ ባንክ የሚከፍላችሁ ዋስትና ውሉ ላይ ይስፈር። «መሸጥ፣ መለወጥ፣ በዋስትና ማስያዝ» የሚል ውክልና ግን በምንም ምክንያት አትስጡ። በዚያ ወረቀት ካርታችሁ የሰው ብድር መያዣ ሆኖ ይገኛል።

ጥያቄ፦ ቀብድ ከተቀበልኩ በኋላ ሌላ ገዢ ጨመረልኝ።

መልስ፦ ውሉን ካፈረስክ በፍትሐ ብሔር ሕጉ የቀብዱን እጥፍ ትመልሳለህ። ሒሳቡን ሠርተህ ወስን።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ዱባይ ናት። ብቻዬን ልፈርም?

መልስ፦ አትፈርም። ቤቱ የጋራችሁ ከሆነ የእሷ ስምምነት የግድ ነው። ውክልናዋን በቆንስላ በኩል ትላክልህ።

ጥያቄ፦ ደላላው «ካልሸጣችሁ መንግሥት ይወስደዋል» እያለ አባቴን እንቅልፍ ነሳው።

መልስ፦ አባትህን አረጋጋቸው፤ በዚህ ፍርሃት ቤታቸውን በርካሽ የለቀቁ ሽማግሌዎች አውቃለሁ። አዋጅ 1161/2011 መልሶ ማልማት (ነባር ሰፈርን አፍርሶ እንደገና መገንባት) በሚካሄድበት አካባቢ ያለ ባለይዞታ በፕላኑ መሠረት ብቻውን ወይም በቡድን የማልማት ቅድሚያ እንዲኖረው ደንግጓል። ቦታው ለመልሶ ማልማት ተይዞ እንደሆነ ወረዳውን በጽሑፍ ጠይቁ፤ መልሱ በእጃችሁ ሳይገባ ምንም አትፈርሙ።