ቀይ ሥሩ ለምን ቡናማ ሆነ?

ጥያቄ፦ የምጽፍላችሁ ከደብረ ብርሃን ነው። ሳሙና ቤቴ መሥራት ገና መጀመሬ ነው። ሮዝ እንዲሆንልኝ የቀይ ሥር ጭማቂ ጨመርኩበት፣ እሱ ግን ቡናማ ሆኖ ቁጭ አለ። ምን አጥፍቼ ነው?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ፣ የእጅሽ ጥፋት አይደለም። የቀይ ሥርን ቀለም የሚገድለው ዘይቱን ወደ ሳሙና የሚለውጠው ኃይለኛ ኬሚካል፣ ኮስቲክ ሶዳው ነው። እርድ ግን ይችለዋል፤ ለግማሽ ኪሎ ዘይት 1 የሻይ ማንኪያ ይበቃል፣ ብቻ መጀመሪያ በትንሽ ዘይት በጥብጪው፣ ደረቁን ከጨመርሽው ይጓጉላል። በርበሬ እንዳትሞክሪ፣ ቆዳ ያቃጥላል! ደግሞ የእናንተ አገር ብርድ ነውና ቅርጹ ውስጥ ካፈሰስሽው በኋላ ከድነሽ በወፍራም ብርድ ልብስ ጠቅልለሽ አሳድሪው፤ ሙቀቱ ሲቆይ ቀለሙ ይደምቃል። የእርድ ቢጫ ፀሐይ ስለሚያደበዝዘው፣ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሲደርቅ ጥላ ውስጥ ይሁን። ስትሠሪ ጓንትና መነጽር አይለይሽ።