መልስ፦ ኳስ መትቶት ጫፉ የተንጠለጠለ ጣት

ወንድሜ፣ እግዜር ይማርህ። ቅርጫት ኳስ ጣትህን ከመታህ ወዲህ ጫፉ ወደ ታች ወርዶ አልቃና አለኝ፣ ወጌሻ ጋ ልሂድ ወይ ብለሃል። አትሂድ። የነገርከን ምልክት የውልቃት አይመስልም። የጣትን ጫፍ ቀና የሚያደርገው ጅማት ሲበጠስ፣ ወይም ትንሽ የአጥንት ስባሪ ይዞ ሲነሳ እንዲህ ይሆናል። በማሸት አይቀጠልም። መጀመሪያ ራጅ ተነሳ።

ደስ የሚለው፣ አብዛኛው ሰው ያለ ቀዶ ሕክምና ይድናል። ጫፉ ቀጥ ብሎ በስፕሊንት (ጣቱን እንዳይታጠፍ ደግፎ በሚይዝ ጠንካራ ማሰሪያ) ይታሰራል፤ መካከለኛው መገጣጠሚያ ግን ነፃ ይሆናል። ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ ቀንም ሌሊትም። ሰው የሚሸነፈው እዚህ ጋ ነው። ለመታጠብ ብለህ ስታወልቀው ጫፉ አንዴ ከታጠፈ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ ስትቀይረው መዳፍህን ጠረጴዛ ላይ አንጥፍ፣ ጣትህን ሳታነሳ ስፕሊንቱን ወደ ፊት ሳበው፣ ቆዳውን አድርቅና መልሰህ አስገባ። ሌላ ሰው ጫፉን ደግፎ ቢይዝልህ ደግሞ የተሻለ ነው።

ቁስል ካለ ወይም የተሰበረው አጥንት ትልቅ ከሆነ ግን ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል። ዝም ብትለው ጫፉ እንደወረደ፣ መካከለኛው መገጣጠሚያ ወደ ኋላ እየተለጠጠ ጣትህ እንደ ዳክዬ አንገት ሊጣመም ይችላል።

የተመታኸው መካከለኛው መገጣጠሚያ ላይ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። መጀመሪያ እብጠት ብቻ ይመስላል፤ ከሳምንት ከሁለት ሳምንት በኋላ መካከሉ ታጥፎ ጫፉ ወደ ላይ ይቀናል። የዚያ አስተሳሰር ተቃራኒ ነው፦ መካከሉ ቀጥ ይላል፣ ጫፉ ይንቀሳቀሳል። ሳምንታት አልፈውት ከሆነም ተስፋ አትቁረጥ፣ ዘግይቶ ታስሮ የሚድንም አለ።