በየጋዜጣው ቢሮ የዞሩት ካህን

የጋዜጣ ሥራ ለጀመራችሁ ልጆቼ፣

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በአርታኢነት ነው። «ጫና ሲመጣ ምን እናድርግ?» ስትሉኝ ቀድመው ትዝ የሚሉኝ ሆላንዳዊው ካህን አባ ቲቶ ብራንድስማ ናቸው።

አባ ቲቶ የቀርሜሎስ ማኅበር መነኩሴ ነበሩ። በናይሜኸን የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ያስተምሩ ነበር፤ ጋዜጣ ላይም ይጽፋሉ። ከ1935 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ የአገራቸው ካቶሊክ ጋዜጠኞች መንፈሳዊ አማካሪ ሆኑ። በጀርመን አይሁዶች ላይ የሚደርሰውን ግፍ ጦርነቱ ሳይጀመር በጽሑፍ አውግዘዋል።

ጀርመን በ1940 ሆላንድን ያዘች። በ1941 መጨረሻ ጋዜጦች የሆላንድ ናዚዎችን ፓርቲ ማስታወቂያ እንዲያትሙ ታዘዙ። ልብ በሉ፤ ዋና አዘጋጆቹን «ሃይማኖታችሁን ካዱ» ያላቸው የለም። የተጠየቁት ማስታወቂያ ነው። «ማስታወቂያ እኮ ነው፣ የእኛ አቋም አይደለም» ብሎ ማለፍ ቀላል ነበር። እንዲህ የሚል ሰው በየቢሮው አይጠፋም፤ ብዙ ጊዜ ክፉ ሰውም አይደለም፣ ልጆች ያሉት ሰው ነው።

የአገሩ ካቶሊክ ጳጳሳት «አይታተምም» አሉ። አባ ቲቶ ይህን ለአዘጋጆቹ የሚያስታውቀውን ደብዳቤ በፖስታ ልከው መቀመጥ ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ባቡር ተሳፈሩ። ስልሳ ዓመታቸው ነበር፣ ጤናቸውም ደካማ ነበር። በጃንዋሪ 1942 ከከተማ ከተማ እየዞሩ አዘጋጆቹን በየቢሯቸው አነጋገሩ። እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ይሄ ነው። ሌላውን አደጋ ላይ የሚጥል ነገር ሲጠይቁ ፊት ለፊት ቀርበው ጠየቁ፤ አደጋውንም መጀመሪያ ራሳቸው ላይ አመጡት።

ጃንዋሪ 19 ተያዙ። መርማሪው የሆላንድ ሕዝብ፣ በተለይ ካቶሊኩ፣ ፓርቲውን ለምን እንደሚቃወም እንዲጽፉ ጠየቃቸው። ጻፉለት። ከዚያ ከእስር ቤት እስር ቤት ተዘዋውረው ሰኔ ላይ ጀርመን ውስጥ ወደነበረው የናዚዎች የእስረኞች ማጎሪያ ዳካው ገቡ። ጁላይ 26 ቀን 1942 እዚያው በመርፌ ተገደሉ። ከመሞታቸው በፊት መርፌውን ለወጋቻቸው ነርስ መቁጠሪያቸውን ሰጧት። መጸለይ እንደማትችል ስትነግራቸው፣ «ስለ እኛ ስለ ኃጢአተኞች ለምኝልን» የሚለውን ብቻ እንድትል ነገሯት። ኋላ ይህን የመሰከረችው ራሷ ናት። ፖፕ ፍራንሲስ በ2022 ቅድስናቸውን አወጁ።

እናንተ ጋ ጫናው በስፖንሰር ወይም በአንድ የስልክ ጥሪ ይመጣ ይሆናል። አቋም ስትይዙ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጥፋችሁ ዞር አትበሉ። መጀመሪያ ጣጣው የሚተርፈው ባልደረባችሁ ጋ ሂዱ። ገጹን የሚሠራውን ልጅ፣ ማስታወቂያ ክፍል ያለችውን ልጅ አነጋግሩ። ደመወዛቸው ቢቋረጥ የቤት ኪራያቸውን ማን እንደሚሸፍን ቀድማችሁ ተማከሩ።